ከሰኞ እስከ እሑድ በፈረስ ቤት

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው በዚህ ስብሰባ ላይ ስለማውቀው ነገር ጥቂት እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ እኔ የማውቀው መዝገብ መጻፍ ብቻ ነው አልኳቸው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። የሥራ ዘመኔንም የጨረስኩት በጽሕፈት ቤት ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስመዘግብ ነው። «እንግዲያው ስለዚያ ስለ ፈረስ ቤቱ ንገረን» አሉኝ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ 7 ዓመት ሙሉ፣ እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ ዳር ላይ ያለ የአንድ ፈረስ ቤት መዝገብ ስይዝ ቆይቻለሁ። ባለቤቱ የእድራችን አባል ናቸው። ስሜን አታንሣ ስላሉኝ አላነሣም።

ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ፈረሶቹ አሸነፉ ወይ?» ይለኛል። ስለ እሑድ መጠየቁ ነው። እኔ ግን ዛሬ በይበልጥ የምናገረው ስለ ሌሎቹ 6 ቀኖች ይሆናል። እሑድ ሜዳ ላይ የሚታየው ፈረስ የሚሠራው በነዚያ ቀኖች ነውና። በመጨረሻም ከፈረሱ ጀርባ ስላሉት ልጆች ለእድራችን የማቀርበው አንድ ጉዳይ አለኝ። ስለዚህ እባካችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ፈረስና እኛ

እንደሚታወቀው ፈረስ ለአገራችን ሰው ከብት ብቻ አልነበረም፤ መጠሪያም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። በቤተ መንግሥት የፈረሶቹ ሁሉ አለቃ ባልደራስ ይባል ነበር፤ ይህም ራሱን የቻለ ማዕረግ ነው። ትልቅ ሰው ሲሞትም በጥንቱ ለቅሶ ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻና ጦሩ ተይዞ በአልቃሹ ፊት ይወጣ ነበር። እንግዲህ ፈረስና ለቅሶ ዱሮም ዝምድና አላቸው ማለት ነው።

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ወዲህ የፈረስ እሽቅድምድም ስፍራ ጃን ሜዳ ነበር። መኳንንቱም፣ በየሌጋሲዮኑ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎችም እዚያ ይጋልቡ ነበር። ጃን ሜዳ ዛሬም የጥምቀት ሜዳችን ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ገበያ ወደዚያ ተዛውሮ ነበር፤ ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ግን ገበያው ተነሥቶ ሜዳው ተጸዳ። ይህን የማነሣው ሜዳ ለፈረስም ለሰውም ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ለማስታወስ ነው።

ከከተማ ውጭ ያየን እንደሆነ ደግሞ፣ በእንጅባራ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አለ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኛው ፈረሱን ሸልሞ ወጥቶ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመቱትን አባቶች ያስባል። ፈረሱ ያምራል፣ ጉግሱም ያስደስታል። እኔ ግን እንድታስተውሉልኝ የምፈልገው ማኅበር የምትለዋን ቃል ነው። ፈረሰኛ ብቻውን አይቆምም ማለት ነው። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ።

የእኛ ፈረስ ቤት

አሁን ወደ ሰፈራችን እንግባ። የእኛ ፈረስ ቤት 6 ፈረስ አለው። 3ቱ ለእሽቅድምድም የሚሠለጥኑ ናቸው፤ 3ቱ ጋሪ ይጎትታሉ። ጋሪዎቹ በዳር በዳሩ ኮረኮንች መንገድ እህልና አሸዋ ያመላልሳሉ። እውነቱን ለመናገር የእሽቅድምድሙን ፈረስ የሚቀልበው የጋሪው ፈረስ ነው። ሩጫው የሚደረገው በበዓል ቀንና ፈረሰኞች ተቃጥረው በሚገናኙበት እሑድ፣ ከከተማው ወጣ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ሽልማቱ ጥቂት ገንዘብ፣ አንዳንዴም ብርድ ልብስ ነው። ዋናው ግን ስም ነው።

ፈረስ ጠባቂዎቹ 4 ልጆች ናቸው። ሁሉም ከገጠር የመጡ ናቸው። የሚያድሩት ድርቆሹ ከተከመረበት ጎን በቆርቆሮ በተከፈለች ክፍል ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣሉ። ከሁሉ በፊት የሚሠሩት ሥራ የእያንዳንዱን ፈረስ ግርግም ማየት ነው። የማታውን ቀለብ ያልጨረሰ ፈረስ አንድ ነገር አለበት። ቀጥሎ አንዱ ልጅ ከመንጋጋው ሥር ጣቱን አድርጎ የልብ ምቱን ይቆጥራል። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። የሰውነቱ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ነው። ይህን ሁሉ ይነግሩኛል፤ እኔም እጽፋለሁ።

ሰኞ

ሰኞ ክፉ ቀን ነው። ለምን ብትሉኝ፣ ሩጫ የሌለ እንደሆነ ፈረሱ እሑድ ቆሞ ይውላል። ሳይሠራ እንደ ሥራ ቀን ገብሱን ጠግቦ የዋለ ፈረስ ሰኞ ጠዋት ወጥቶ በኃይል ከተነዳ፣ ጥቂት እንደሄደ ያልበዋል፣ የኋላ እግሩና ዳሌው ድርቅ ይላል፣ ሽንቱም እንደ ቡና ይጠቁራል። በአውሮፓ በጋሪ ፈረስ ዘመን እሑድ ሁሉም ያርፍ ስለነበር «የሰኞ ጠዋት በሽታ» ብለው ስም አውጥተውለታል።

መድኃኒቱ ከመታመሙ በፊት ነው። በዕረፍቱ ቀን ገብሱ በግማሽ ይቀነሳል፣ ሣሩ ይጨመራል፣ ፈረሱም በእጅ ተይዞ ጥቂት ይንሸራሸራል። ሰኞ ጠዋትም በርምጃ ብቻ ይጀመራል። አንዴ ከያዘው ግን እየገረፉ ማስኬድ ጡንቻውን ይብሱን ያቃጥለዋል። ባለበት አቁሞ ማልበስ፣ ውኃ ማቅረብና ሐኪም መጥራት ነው። የጋሪ ፈረስ ያላችሁ አባሎች ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ የዛሬው መምጣታችሁ በከንቱ አይሆንም።

ማክሰኞ

ማክሰኞ የግልቢያ ቀን ነው። ሳይነጋ፣ መኪናው ሳይበዛ ልጆቹ 3ቱን ፈረሶች ይዘው ይወጣሉ። መጀመሪያ ርምጃ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ከዚያ ደንገላሳ፣ በመጨረሻ ለአጭር መንገድ ብቻ ሽምጥ ይጋልባሉ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ ካልሆነ በቀር ሽምጥ አይጋለብም። ወጣት ጋላቢ ሁሉ በየቀኑ መጋለብ ይወዳል። ባለቤቱ ግን «የሩጫውን ኃይል በልምምድ አትጨርሱብኝ» ይላሉ።

ሲመለሱ ፈረሱ ላቡ እስኪደርቅ ድረስ በእጅ ይንሸራሸራል። ልጁ የልብ ምቱን ደግሞ ይቆጥራል። ቶሎ ወደ ቦታው የሚመለስ ልብ ያለው ፈረስ ደርሷል፤ የሚዘገይ ልብ ያለው ገና ነው። በመዝገቤ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ረድፍ ይኸ ነው። ዓይን ይሳሳታል፣ የባለቤት ፍቅርም ይሳሳታል፣ የልብ ምት ግን አይዋሽም።

ረቡዕ

ረቡዕ የሒሳብ ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ እኛ ክርስቲያኖቹ እንጾማለን፤ ፈረስ ግን አይጾምም። ልብ ብላችሁ ስሙኝ፣ ሒሳቡ ይኸውላችሁ።

አንድ ፈረስ በቀን 6 ኪሎ ያህል ድርቆሽ ይበላል። 6ቱ በቀን 36 ኪሎ፣ በሳምንት 252 ኪሎ ይሆናል። ገብስ በሥራ ቀን ለእያንዳንዱ 2 ኪሎ፣ በዕረፍት ቀን 1 ኪሎ ነው። ይህም በሳምንት 78 ኪሎ፣ ማለት ከኩንታል 22 ኪሎ የጎደለ ነው። ውኃ ለአንዱ በቀን 25 ሊትር ብንይዝ ለ6ቱ 150 ሊትር፣ በሳምንት 1,050 ሊትር ይፈልጋል። ሙቀትና ሥራ ሲበዛ ደግሞ ከዚህ ያልፋል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር በሳምንት 52 ጀሪካን ተኩል ነው። ፉርሽካው፣ ጨዉ፣ ሚስማሩ፣ የጋሪው ጎማ ገና አልተነሣም። የልጆቹም ደመወዝ እንዲሁ።

እንግዲህ ፈረሱ አሸነፈም ተሸነፈም ይህ ቀለብ አይቀንስም። ክረምት ሲገባ ድርቆሹ ይወደዳል። ጋሪው በጭቃ ምክንያት ሲቆም ገቢው ይቆማል። እሑድ ሽልማት ሲመጣ ቤቱ ይደምቃል፤ ረቡዕ ቀን መዝገቡን ስንገልጥ ያ ሽልማት የ10 ቀን ድርቆሽ እንኳ አይገዛም። ወጣቶች ገንዘብ ተበድረን የሩጫ ፈረስ እንግዛ እያሉ ወደ እኔ ሲመጡ የማሳያቸው ይህንን የረቡዕ ገጽ ነው። ካነበቡ በኋላ አሁንም ፈረሱን የሚወድ ካለ፣ እሱ ይግዛ።

ሐሙስ

ሐሙስ የኮቴ ቀን ነው። የፈረስ ኮቴ እንደ ጥፍራችን ያድጋል፤ በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በ6 ሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ ብረት ጫማው ይወልቃል፣ ኮቴው ይከረከማል፣ እንደገና ይመታል። አንድ ሚስማር አቅጣጫውን ስቶ ወደ ሥጋው ከተጠጋ ፈረሱ ያነክሳል፤ የሳምንቱ ድካም ሁሉ ገደል ይገባል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ዳማው ፈረሳችን በአንድ እሑድ ሁሉንም ጥሎ አንደኛ ወጣ። የሰፈሩ ልጆች በጭብጨባ አጅበው አስገቡት። በሚቀጥለው እሑድ ያው ፈረስ፣ ያው ጋላቢ፣ ያው ሜዳ፤ የመጨረሻ ሆነ። «ተደግሞበት ነው» ያለም ነበር፣ «ጋላቢው ተገዝቶ ነው» ያለም ነበር። እኔ መዝገቤን ገለጥኩ። ረቡዕና ሐሙስ የውኃ ፈረቃው ተዛብቶ ፈረሶቹ የጠጡት ግማሽ ነው። ዓርብ ጠዋት የዳማው የልብ ምት ከወትሮው 8 ጨምሯል። ቅዳሜ ጠዋት የማታ ቀለቡን አልጨረሰም። ነገሩ እሑድ ሳይደርስ አልቆ ነበር። ያ ጋላቢ ልጅ በሐሜት ሊባረር ሲል የተረፈው በመዝገብ ነው።

ዓርብ

ዓርብ ሁለተኛው የግልቢያ ቀን ነው። ከግልቢያ በኋላ ደግሞ የጤና ምርመራ ይደረጋል። ፈረስ ትልቅ ሆኖ ሳለ ጨጓራው ትንሽ ነው፤ እንደ ሰው ደግሞ ማስታወክ አይችልም። ስለዚህ ቀለቡ በአንድ ጊዜ ተቆልሎ አይሰጠውም፤ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ተከፋፍሎ ነው። ሆዱን ሲቆርጠው መሬቱን ይጭራል፣ ጎኑን ዞሮ ዞሮ ያያል፣ ይንከባለላል። ያን ጊዜ ቀለቡን አንሥቶ ቶሎ ሐኪም መጥራት ነው እንጂ ባገኙት ዱቄትና ዘይት መጋት አይገባም።

ክረምት ሲወጣ ደግሞ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው ይመጣል። የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ሲሆኑ፣ የሚናከሱትም ከማታ እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ ፈረሱ ጀንበር ሳትጠልቅ ወደ ጋጣው መግባት አለበት። ከሁሉም በላይ በጊዜው መከተብ ነው። ክትባቱ በአገራችን፣ በቢሾፍቱ ይመረታል።

ቅዳሜና እሑድ

ቅዳሜ ሥራው ቀላል ነው። ኮርቻው በቅባት ይታሻል፣ ልጓሙ ይታጠባል፣ የሆድ ጠፍሩ ስፌት ይታያል። ጋማው ይበጠራል። ማታ ልጆቹ በተራ ይጠብቃሉ።

እሑድ ለእናንተ የምነግረው ብዙ የለኝም፤ እናንተም ታዩታላችሁ። አቧራው ይነሣል፣ ሰው ይጮኻል፣ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ያሸነፈ ይስቃል፣ የተሸነፈ ልጓሙን ይዞ ይመለሳል። ማታ ሁለቱም ያው ድርቆሽ ይጠብቃቸዋል። ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ልጆቹ ይነሣሉ።

በመዝገቡ ያልነበረው

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። በአንድ ሐሙስ ቀን ኮቴ ሲከረከም አንደኛው ፈረስ ደንብሮ ከልጆቹ አንዱን ጭኑ ላይ ረገጠው። አጥንቱ ተሰበረ፤ ደሙም ብዙ ፈሰሰ። ልጁ የ19 ዓመት ልጅ ነው። ባለቤቱና እኔ፣ ሁለት ጎረቤቶችም ጨምረን በታክሲ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድነው። እዚያ አንድ ቅጽ ሰጡኝ። እኔ በዕድሜዬ ስንት ቅጽ እንደሞላሁ እግዜር ይወቀው። ስም የሚለውን ሞላሁ። ዕድሜ የሚለውን ሞላሁ። «የቅርብ ዘመድ» የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። የአባቱን አገር እንጂ የአባቱን ስልክ የሚያውቅ ሰው ከመሀላችን አልተገኘም። ልጁም ራሱን አያውቅም ነበር።

በዚያች ሌሊት ባለቤቱ ከኮሪደሩ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጋሼ፣ አይበለውና ይኸ ልጅ ቢሞት ማን ይቀብረዋል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የፈረሱን የልብ ምት፣ የገብሱን ኪሎ፣ የሚስማሩን ቁጥር የያዘው መዝገብ ስለ ልጁ የያዘው ስሙንና ደመወዙን ብቻ ነበር። ጡሩንባ የሚነፋለት የለም፤ ድንኳን የሚተክልለት የለም። ባለቤቱ የእድር አባል ናቸው፤ ደንባችን ግን የቤተሰብ ዝርዝር እንጂ ሠራተኛን አይጨምርም።

እግዚአብሔር ይመስገን ልጁ ተረፈ። ዛሬ ያነክሳል፤ ፈረስ አይጋልብም፣ ጋሪ ይነዳል። ጥያቄው ግን አልተመለሰም። በፈረስ ቤት ብቻም አይደለም። በየእንጨት ቤቱ፣ በየዳቦ ቤቱ፣ በየግንባታው በሰፈራችን የሚያድሩ እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ።

«እነዚህ መንገደኞች ናቸው፤ ዛሬ አሉ፣ ነገ የሉም። መዋጮ ሳይከፍሉ ይጠፋሉ» የሚል አባል እንደሚኖር አውቃለሁ። ይህም ሐሳብ ቀልድ አይደለም፤ የገንዘብ ያዣችን ጭንቀት ነው። ነገር ግን እድር ምንድን ነው? አገሩን ጥሎ ወደ ከተማ የመጣ ሰው ዘመድ በሌለበት ጎረቤቱን ዘመድ ያደረገበት ዘዴ ነው። እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ አባቱ ወይም አያቱ ከጉራጌ፣ ከወለጋ፣ ከመንዝ፣ ከጎጃም በእግሩ ያልመጣ ስንቱ ነው? እነሱን መንገደኞች ናቸው ብሎ የከለከላቸው ቢኖር ኖሮ ይኸ ድንኳን ዛሬ አይኖርም ነበር።

ስለዚህ በበኩሌ ለጠቅላላ ጉባኤው 3 ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በሰፈራችን ሠርተው የሚያድሩ ቤተሰብ የሌላቸው ወጣቶች በነጠላ አባልነት እንዲመዘገቡ፣ የመግቢያውንም ገንዘብ በ12 ወር ከፋፍለው እንዲከፍሉ ይፈቀድላቸው።

ሁለተኛ፣ የሚያሠራቸው የእድራችን አባል ዋስ ይሁን። ልጁ እሱ ዘንድ በሚሠራበት ጊዜ የወር መዋጮው ቢጓደል እሱ ይጠየቅ። የፈረስ ቤቱ ባለቤት ለ4ቱም ልጆች ዋስ ለመሆን ፈቃደኛ መሆናቸውን እንድነግርላችሁ ፈቅደውልኛል።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ነው። ጸሐፊያችን በመዝገቡ ላይ አንድ ረድፍ ይጨምር። የልጁ ትውልድ አገር፣ ወረዳና ቀበሌው፣ የአባት ወይም የወንድም ስም፣ የሚገኝበት ስልክ ይጻፍ። በዚያች ሌሊት ያጣነው ይኸንኑ ነው። መዝገቡን ማዘጋጀት ከባድ ነው የሚል ካለ፣ እኔ ብዕርና ጊዜ አለኝ። ያለ ክፍያ እጽፋለሁ።

አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። ፈረሱን የሚያደርሰው ማን እንደሆነ ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የነገርኳችሁ ነው። ሌሊት ተነሥቶ ግርግም የሚያየው፣ ጀሪካን የሚሸከመው፣ የልብ ምት የሚቆጥረው ልጅ ነው። እሑድ ጭብጨባው ለፈረሱ ነው፤ ይሁን። የለቅሶው ቀን ግን ልጁ ሰው ይኑረው።

ኮሚቴውም ጉባኤውም እዚሁ ናችሁ፤ ሜዳውም ይኸው ፈረሱም ይኸው። ተወያዩበት። እድራችንን ያሰንብትልን፤ የከርሞ ሰው ይበለን።